«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበቴ ነበር። «ጉልበትዎ እንዴት ነው ቲቸር?» ይለኛል ባጃጅ ነጂው። «ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ?» ትለኛለች ጎረቤቴ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስም ከእኔ በፊት ሰላምታ የሚቀርብለት ጉልበቴ ነው። እየቆየ እኔ የጉልበቴ አስታማሚ እንጂ ሌላ ማንነት የሌለኝ ሰው እየመሰለኝ መጣ። ዛሬ የማወጋችሁ ያንን ጉልበት ይዤ መድረክ ላይ የወጣሁበትን ቀን ነው።

ዘነበች እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። በከተማው ቢሮዎች ወንበር ይዞ ከተቀመጠው ሰው ብዙው በእኔ እጅ ያለፈ ስለሆነ የትም ብሄድ «ቲቸር» ተብዬ ነው የምጠራው። ይህ ክብር አለው፤ ጣጣም አለው። በየግድግዳው «ክፍተቶችን ከመቅረፍ አንጻር የተሻለ ሥራ ከመሥራት አኳያ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር «ይህን ልጅ ማሰሪያ አንቀጽ አላስተማርኩትም እንዴ?» እያልኩ እተክዛለሁ።

ከማስተማሬ በፊት ግን ተዋናይ ነበርኩ። ይህን የሚያስታውስ ሰው አሁን ብዙ አልቀረም። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ በቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ ያልሆንኩት ነገር የለም። አራሽ ሆኛለሁ፤ ጠንቋይ ሆኛለሁ፤ አንድ ጊዜ ወንድ ስለጠፋ ከጥቁር ጨርቅ ከረባት ቀደው አስረውልኝ ኢምፔሪያሊዝምን አጫውተውኛል። በመጨረሻ ላብ አደሩ አንስቶ ሲያፈርጠኝ ሕዝቡ በጭብጨባ ቤቱን አናጋው። ወድቄም ቢሆን ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ እኔም ላምቦሬን አገባሁ። ላምቦሬ ድሬሰር ነበር፤ መርፌ ከመውጋቱ በፊት ሕመምተኛውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። ቤተሰቦቹ ጸሎተኞች ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ ቴአትር ማለት ሰው ፊት ቆሞ መዋሸት ነው። «ተይ» ያለኝ ሰው አልነበረም። «ነይ» የሚለኝም አልነበረም። እንዲሁ ቀረ። ዛሬ ላምቦሬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ልጃችን ታሪኩ እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይነግዳል። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ላምቦሬና የላምቦሬ ራዲዮ ነን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረከት የሚባል የድሮ ተማሪዬ በሩን አንኳኳ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው። ገብቶ ተቀመጠና እጁን ያፍተለትል ጀመር።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምነው፣ ታመምክ?»

«የለም። ቴአትር ጽፌ ነው።»

«እሱ ይብሳል።»

ሳቀና ነገሩን አስረዳኝ። መሥሪያ ቤቱ የአገልግሎት ሳምንት የሚባል ዝግጅት አለው፤ ከክልል ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ በአዳራሹ አጭር ቴአትር ይታያል። ለአንዲት ባልቴት የምትሆን ሴት አጥቷል። ወጣቶቹን ሻሽ ቢያስሯቸው፣ ዱላ ቢያስይዟቸው አረጋዊት አልመስል ብለውታል።

«ስለዚህ አሮጊት ስትፈልግ ትዝ ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ደነገጠ። «አይ ቲቸር! እናቴ ናት የነገረችኝ። ድሮ እርስዎ መድረክ ላይ ሲወጡ ሰው ከጊምቢቹ ድረስ ይመጣ ነበር አለችኝ።»

ከጊምቢቹ የመጣ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ቢሆንም ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጽሑፉን ትቶልኝ ሄደ። አነበብኩት። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ቤቷ ድረስ የተዘረጋ ቧንቧ አላት፤ በቧንቧው ግን ውሃ አይመጣም። ለመጠየቅ ቢሮ ትሄዳለች። ጥበቃው ይመልሳታል፤ ጸሐፊዋ ትመልሳታለች፤ ኃላፊው «ነገ ይምጡ» ይላታል። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ላምቦሬ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየኝና ተመለሰ።

ማታ ራት ላይ ነገርኩት።

«የታሪኩ አባት፣ ቴአትር ልጫወት ነው።»

ራዲዮኑን ዝቅ አደረገው። «የት?»

«በአዳራሹ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው በሌለበትማ ስጫወት ነው የኖርኩት።»

ራዲዮኑን መልሶ ከፍ አደረገው። ላምቦሬ ሲናደድ አይጮህም፤ ራዲዮኑ ነው የሚጮህለት። ያን ምሽት ዜናውን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ልምምድ ጀመርን። የፈራሁት ቃል እንዳይጠፋብኝ ነበር፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ የምፈልግ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ እውነትም ተንገዳገድኩ። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ የበሩን ደፍ ስሻገር እግሬ በራሱ ጊዜ የባልቴቷን አረማመድ ያዘ። ጉልበቴ እስከዚያ ቀን ለእኔ ያልጠቀመውን ያህል ለእሷ ጠቀማት። በረከት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኋላ ላይ ነው የመሥሪያ ቤቱ የይዘት ገምጋሚ ኮሚቴ የመጣው።

ኮሚቴው መጀመሪያ ያየው ጥበቃውን ነው። «የጥበቃ ሠራተኞቻችን በቅርቡ ሥልጠና ወስደዋል። ሰው የሚመልስ ጥበቃ ማሳየት ሥልጠናውን ዋጋ ማሳጣት ነው» ተባለና ጥበቃው ተሰረዘ። ቀጥሎ ጸሐፊዋ ተሰረዘች፤ ሴትን በመጥፎ ማሳየት ነው ተብሎ። ከዚያ «ነገ ይምጡ» የሚለው ገጽታ ያጠለሻል ተባለ። እስከዚህ ድረስ ሲመጣ እኔም በረከትም ቻልነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን አንደኛው የኮሚቴ አባል እጁን አወጣና፦

«ባለጉዳይዋ ባልቴት መሆኗ አስፈላጊ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን ችግር አለው?» አለ በረከት።

«ባሏ ሞቷል ካልን፣ ምን ሆኖ ሞተ? የት ታከመ? ወደሚል ጥያቄ ይወስዳል። ሌላ ሴክተር እንነካለን።»

ስለዚህ ባሌ ከሞት ተነሣ። ሥራ ሄዷል ተባለ። በመጨረሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠርጎ «ውሃ» አለ። «ውሃ አሁን ስሱ ጉዳይ ነው። እንግዶቹ ፊት ውሃ ባናነሳ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ቢሮ ምን ልታደርግ መጣች?» አልኩ እኔ።

ተያዩ። «ለአንድ ጉዳይ» አለ ሰብሳቢው።

ቴአትሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ፦ አንዲት ሴት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ትመጣለች፤ ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀበላታል፤ ጉዳይዋ ወዲያው ያልቅላታል፤ አመስግና ትሄዳለች። በረከት ሲወጣ ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር። «ቲቸር፣ ቴአትሩ የት አለ?» አለኝ።

ኃላፊውን የሚጫወተው ኤርሚያስ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ። እሱንም «ለኃላፊ አይመጥንም» ብለው አነሡት። ማን ይተካው ሲባል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ መልካሙ ራሳቸው «እኔ እሞክረዋለሁ» አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ። አቶ መልካሙ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሱፍ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ልምምድ ላይ ዘግይተው ይመጣሉ፤ ወረቀቱን እያነበቡ ይጫወታሉ፤ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» ከማለታቸው በፊት «በቅድሚያ በዚህ መድረክ ለተገኛችሁ» የሚል ይጨምሩበታል። በቃልዎ ይያዙት ስንላቸው «እኔ እኮ በየቀኑ መድረክ ላይ ነኝ» ይሉናል።

በመካከሉ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት መሪ እህት አበበች ቤቴ መጣች። ሻይ አቀረብኩላት። «እህት ዘነበች፣ በስምሽ እየጸለይን ነው» አለችኝ።

«ለጉልበቴ?»

«ለሌላው ነገር።»

አመሰገንኳት። ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ «ለመሆኑ መግቢያው ለሁሉ ሰው ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ጠዋት ይገባሉ ተብሎ ሕዝቡ በማለዳ አዳራሹን ሞላው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከገጠር ለጉዳይ የመጣውም ሁሉ «ዛሬ ሥራ የለም፣ ሁሉም አዳራሽ ነው» ተብሎ ጉዳዩን እንደያዘ ገብቶ ተቀምጧል። ሞንታርቦው ይጮሃል፤ ፊኛው አንድ በአንድ ይፈነዳል፤ እንግዶቹ የሉም። እኛ ከመድረኩ ጀርባ የተሰበረ ወንበር በሚከማችበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ስኳሬ እንዳይወርድ ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ቆረስኩ። ላምቦሬ ጠዋት ስወጣ «ደህና ዋይ» ብቻ ነበር ያለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ዳቦውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተነሥቼ በጓሮ በር ልሄድ ነበር። ለዚህች ምንም ለሌለባት ቴአትር ብዬ የቤቴን ሰላም ለምን አጣለሁ? «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ለማለት?

አቶ መልካሙ አዲስ ሱፍ ለብሰው ገቡ። «ቲቸር፣ አይፍሩ» አሉኝ። «ቢጠፋብዎት እኔ እሸፍንልዎታለሁ።»

ከቀትር በኋላ መኪኖቹ ደረሱ። ንግግር ተደረገ፤ ሌላ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ መጋረጃው ተከፈተ።

አቶ መልካሙ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠዋል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በዱላዬ ተደግፌ ገባሁ። ዱላው ወለሉን ሲመታ አዳራሹ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ ያልሰማችሁ ሰዎች እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ሰው ሁሉ አንድ ላይ ትንፋሹን ይዞ አንቺን ሲጠብቅ፣ ዕድሜ የሚባለው ነገር ትከሻሽ ላይ የተጫነ እንደሆነና ሊወርድም እንደሚችል ያን ጊዜ ይገባሻል። መሐል ደርሼ ቆምኩ።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ።»

የእሳቸው መልስ «እንኳን ደህና መጡ እናቴ፣ ይቀመጡ፣ ምን ልታዘዝ?» ነበር። አልመጣም። አየኋቸው። ዓይናቸው የፊት ረድፍ ላይ፣ የክልሉ እንግዶች ላይ ተተክሏል። አፋቸው ይከፈታል፤ ይዘጋል። በረከት ከመጋረጃው ጀርባ «እንኳን ደህና መጡ! እንኳን ደህና መጡ!» እያለ ያንሾካሹካል፤ እኔ እሰማዋለሁ፤ እሳቸው አይሰሙም። ሰውየው ደርቀዋል። በየቀኑ መድረክ ላይ የሚውሉት ሰው ወረቀት ሳይዙ ቆመው አያውቁም ኖሯል።

አዘንኩላቸው። መድረክ ላይ የሚሞት ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ እጅ ካልሰጡት አይነሣም። ጠጋ አልኩ።

«ጌታዬ፣ ለአንድ ጉዳይ መጥቼ ነበር።»

አቶ መልካሙ እኔን አዩኝ። ነጠላዬን አዩ፣ ዱላዬን አዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ አለ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ወረቀት እያገላበጡ፣ ከሆዳቸው ጥልቅ የወጣ በሚመስል ድምፅ፦

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉ።

በቆምኩበት ቀረሁ። ይህ በጽሑፉ የለም። ኮሚቴው ሁሉን ሲሰርዝ ከሰውየው ምላስ ላይ ያለውን መሰረዝ ረስቷል።

«እንዴ፣ ጌታዬ» አልኩ፤ «ኃላፊው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ቀና አሉ። «ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ።»

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ወንበሩን ይደበድባል፤ ጉዳዩን ይዞ የመጣው የገጠር ሰው ተነሥቶ በሀዲይኛ ለጎረቤቱ ያስረዳል። አቶ መልካሙ ሳቁ ከየት እንደመጣ ያልገባቸው ይመስል ግራና ቀኝ ይመለከታሉ። በዚያች ቅጽበት ሁለት መንገድ ነበረኝ። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ብዬ መውጣት እችል ነበር፤ ሰላም ነው፤ ቤቴ እገባለሁ። ነገር ግን ያ ሳቅ ከእግሬ ጥፍር ተነሥቶ እስከ አናቴ ወጣ። ዱላዬን ወለሉ ላይ ተከልኩ።

«እሺ፣ ከስብሰባው መቼ ይወጣሉ?»

«እሱን ጸሐፊዋን ይጠይቁ።»

«ጸሐፊዋስ የት ናት?»

«ፈቃድ ላይ ናት።» አሁን ቃላቸው ያለ ችግር ይፈስሳል። ዕድሜ ልካቸውን የተለማመዱት ነው። «ጉዳይዎት ምን ነበር?»

«ውሃ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ በረከት «ኧረ በፈጣሪ!» ሲል ሰማሁት።

«ቧንቧው እቤቴ ድረስ መጥቷል ጌታዬ። ውሃው ነው የቀረው። ከወንዝ እየቀዳሁ ቧንቧውን አጥበዋለሁ፤ እናንተ ለጉብኝት ስትመጡ አቧራ ለብሶ እንዳያሳፍረን።»

«ቧንቧው በማን ስም ነው?»

«በባለቤቴ።»

«እንግዲያው እሳቸው ይምጡ።»

«ሞቷል ጌታዬ።»

«መሞታቸውን ራሳቸው ቀርበው ያስረዱ።»

አንዲት ሴት እየሳቀች ከወንበሯ ወደቀች። አቶ መልካሙ እሷን ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። የሚሉት ሁሉ በየቀኑ የሚሉት መሆኑ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። የያዙትን ባዶ ወረቀት አስቀመጡ። የሕዝቡም ሳቅ ቀስ በቀስ በረደ። አቶ መልካሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እናቴ» አሉ፤ «ውሃው የት እንደቀረ እኔም አላውቅም።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አላውቅም አይልም።»

ይህን ነገር ማን እንደተናገረው፣ ባለሥልጣኑ ይሁን ተዋናዩ፣ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ ቴአትር እዚህ ላይ መዘጋት አለበት። ባዶውን ወንበር ጎትቼ ከጠረጴዛው ፊት አስጠጋሁና እያቃሰትኩ ተቀመጥኩ። ዱላዬን ጭኔ ላይ አጋደምኩ።

«እንግዲያው ሁለታችንም አለን» አልኩ። «ስብሰባው ይጀመር።»

መጋረጃው ተዘጋ።

ጭብጨባ የለም። በጨርቁ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሰው ሁሉ የፊት ረድፉን ጀርባ እያየ ነው። ኮሚቴው፣ ሠራተኛው ሁሉ፣ ዋናው እንግዳ ምን እንደሚያደርጉ እየጠበቁ እጃቸውን በደረታቸው ፊት አንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ለጭብጨባም ለጸሎትም በሚሆን መልክ። ዋናው እንግዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ሳቅ አሸነፋቸውና ማጨብጨብ ጀመሩ። አዳራሹ ተናጋ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

እንግዳው ማይክ ይዘው «ራስን በግልጽ የመተቸት ቁርጠኝነት የታየበት» ብለው አመሰገኑ። ሰብሳቢው ወዲያው ተነሥቶ «ኮሚቴያችን እያንዳንዷን ቃል በጥንቃቄ መርምሮ ያሳለፈው ሥራ ነው» አለ። በረከት ሲስቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

አቶ መልካሙ ግን በተሰበሩት ወንበሮች መሐል ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይዘዋል። «ቲቸር፣ ምን ነበር ያልኩት?» አሉኝ። ለፎቶ ሲጠሯቸው እንኳ አልሰሙም፤ እኔ ነኝ ክንዳቸውን ይዤ ያስነሣኋቸው።

ወደ ቤት ስሄድ ልቤ ከብዶት ነበር። ላምቦሬ እንደ ወትሮው ከራዲዮኑ አጠገብ ተቀምጧል። ራዲዮኑ ግን ተዘግቷል፤ ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነው ብዬ ፈራሁ። ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ታሪኩ ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ በቪዲዮ።

«እማዬ! ቲክቶክ ላይ ነሽ! እዚህ ያለው የሆሳዕና ልጅ ሁሉ ስብሰባው ይጀመር እያለ ነው!»

«ቀስ በል» አልኩት በሹክሹክታ፤ «አባትህ እንዳይሰማ።»

«ማን? አባዬ? እሱ ነው እኮ የላከልኝ! እኔ ነኝ የለጠፍኩት!»

ዞር አልኩ። ላምቦሬ የግድግዳውን ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው ግድግዳውን እያየ ነው። ታሪኩ ቪዲዮውን መልሶ ላከልኝ፤ ከፈትኩት። ከአዳራሹ የኋላ ረድፍ የተነሣ ነው፤ ከፊት የሰው ጭንቅላት ሞልቶበታል፤ ምስሉ እንደ ባጃጅ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ የመጣው ከሚስቅ ሰው እጅ ነው። ድምፁ ተቀርጿል። ያንን ሳቅ በተጋባን ሰሞን ነበር የሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

«ሄደህ ነበር?» አልኩት።

«መንገዴ ነበር» አለ።

አዳራሹ ለማንም መንገድ አይደለም። እሱን ግን አላነሣሁበትም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «መድረኩ ላይ ስትቀመጪ ያቃሰትሽው የምርሽን ነው ወይስ ቴአትር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የምሬን ነው» አልኩት። ተነሥቶ ቅባት አመጣና ጉልበቴን ያሸኝ ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ጸለዩ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፤ ከዚያ አንዱ «እህት ዘነበች ባሏ በሕይወት እያለ በሕዝብ ፊት ሞቷል ብላለች። ይህ እንዴት ይታያል?» አሉ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ላምቦሬ መለሰ። «ወንድሞች፣ የሞትኩት እኔ ነኝ። ቅሬታ ካለም የማቀርበው እኔ ነኝ። አላቀረብኩም።»

እህት አበበችም በኋላ ስታገኘኝ «በጸሎታችን ነው የተሳካልሽ» አለችኝ። ሳይሆን አይቀርም።

አቶ መልካሙ ለጥቂት ጊዜ በየመድረኩ ተመሰገኑ። ቀጥሎ «ለላቀ ኃላፊነት» አማካሪ ሆነው ተዘዋወሩ። አማካሪ ማለት በእኛ አገር ማንም ምክር የማይጠይቀው ሰው እንደሆነ እናንተም አታጡትም። አንድ ቀን ሱፋቸውን ለብሰው ቤቴ መጡ። ተቀምጠው ብዙ ቆዩ።

«ቲቸር፣ ስንት ንግግር አድርጌአለሁ» አሉ። «ሰው ሲያዳምጠኝ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ደግመን ብንጫወተው ምን ይመስልዎታል?»

በረከት መጀመሪያ የጻፈውን መልሶ አወጣው። ጥበቃው ተመለሰ፤ ኤርሚያስ ፀጉር አስተካካዩ ጥበቃ ሆነ። ጸሐፊዋም ከፈቃድ ተመለሰች። ዛሬ የገበያ ቀን እየጠበቅን በየከተማው እንጫወታለን።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜሽ?» ይለኛል። በየትኛው ዕድሜዬ ባልቴቷን ልሆን ነበር? በወጣትነቴ ባልቴት ስጫወት የማላውቀውን ነበር የምጫወተው። አሁን ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ እንኳ ታሪክ እንዳለው አውቃለሁ። እናንተም መሐል ላይ የተዋችሁት ነገር ያለ እንደሆነ፣ ዘፈን ይሁን ሥዕል ይሁን ሌላ፣ «አለፈብኝ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ የበሩን ደፍ ተሻግራችሁ እዩት። ሊያሳፍራችሁ ይችላል። እኔን ሊያሳፍረኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ባለፈው ወር አዲሎ ከተማ ነበርን። መድረክ አልነበረንም፤ ከመንገዱ ዳር አይሱዙ ከሚራገፍበት ሜዳ ላይ ጠረጴዛና ወንበር አስቀምጠን ተጫወትን። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ መበተን ጀመረ። አቶ መልካሙ ከጠረጴዛው ጀርባ እንደተቀመጡ ላባቸውን ይጠርጋሉ። አንዲት ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ዶሮዋን በብብቷ እንደያዘች ቀጥ ብላ መጣችና ፊታቸው ቆመች።

«የመሬት ጉዳይ ነው» አለቻቸው፤ ከምባትኛ ባጀበው አማርኛ። «የወንድሜ ልጆች ድንበሬን ገፍተውኛል። ጀምሬ ልንገርህ?»

ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ያዝኳት። «እናቴ፣ ይህ እኮ ቴአትር ነው። እሳቸው አሁን ኃላፊ አይደሉም፤ ማኅተምም የላቸውም።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ቴአትር መሆኑን አውቃለሁ» አለች። «ማኅተም ያለበት ቤት ስመላለስ ከርሜአለሁ። ይህ ሰው ግን ሲነግሩት ይሰማል።»

አቶ መልካሙ እኔን አዩኝ። ከዚያ ተነሡ፤ ወንበራቸውን አንሥተው ጠረጴዛውን ዞሩና ለእሷ አቀረቡላት፤ ራሳቸው ሣጥን ፈልገው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አሉ።

እሷ መናገር ስትጀምር፣ ሊበተን ተነሥቶ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰና ከኋላዋ ተሰለፈ።